ጓዳ የገባውን መተግበሪያ ወደ ሳሎን መመለስ፦ የስልክ ፈቃዶችን የማጥራት ዝርዝር መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ሥራዬ የተሰነጠቀ ስክሪን መቀየርና ውኃ የገባበትን ማድረቅ ነው። ጣና ዳር ለሚሠራ ጠጋኝ ውኃ የገባበት ስልክ አይጠፋም፤ ከጀልባ ላይ ፎቶ አነሣለሁ ብሎ የሚጥል ሁልጊዜም አለ። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን ደንበኞቼ ሌላ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «ይህ መተግበሪያ ያለሁበትን ቦታ ለምን ይጠይቀኛል? ስልኬ ላይ ያሉትን ሰዎች ስም ምን ያደርግለታል?»

ከሁሉም የማልረሳቸው አንዲት አሳ ነጋዴ ናቸው። ጾም ሊገባ ሲል፣ አሳ በሚፈለግበት ሰሞን፣ መነሻ ገንዘብ ቸገራቸው። ዘመድ በቴሌግራም የላከላቸውን የብድር መተግበሪያ ጫኑ፤ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ «ፍቀድ» «ፍቀድ» እያሉ አለፉት። ክፍያው አራት ቀን ሲዘገይ መልእክት የደረሰው ለእሳቸው ብቻ አልነበረም። ለእቁብ ሰብሳቢያቸው፣ ለልጃቸው አስተማሪ፣ ለንስሐ አባታቸው ሳይቀር «ይህች ሴት ብድር ክዳለች» የሚል ጽሑፍ ተላከ። «ልጄ፣ የአባን ቁጥር ማን ሰጣቸው?» አሉኝ። ስልኩን ተቀብዬ ፈቃዶቹን ከፈትኩ። «እትዬ፣ የሰጡት እርስዎ ነዎት» ማለት ከበደኝ።

ለዚህ ጉዳይ የቤታችን ደንብ ይበቃናል። እንግዳ ሲመጣ ደጅ አናቆመውም፤ ሳሎን አስቀምጠን ቡና እናፈላለታለን። ተነሥቶ ጓዳ ገብቶ የእንስራውንና የማሰሮውን ክዳን ቢከፍት ግን ዝም አንለውም። መተግበሪያም እንዲሁ ነው። መረጃ መጠየቁ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ታክሲ የሚጠራ መተግበሪያ ያላችሁበትን ካላወቀ መኪናው ወዴት ይመጣል? መጠየቅ ያለበት «ይህን የፈለገው ለየትኛው ሥራ ነው?» የሚለው ነው። ሥራው ካልታያችሁ ፈቃዱን አትስጡ።

ከዚህ በታች ያለው ደንበኛ አጠገቤ ተቀምጦ የምሠራው ነው፤ በቅደም ተከተሉ ጻፍኩት። አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። እኔ ዘንድ የሚመጣው አብዛኛው ስልክ ሳምሰንግ፣ ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ስለሆነ የምናገረው ስለ አንድሮይድ ነው። አይፎን የያዛችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ብዙዎቻችን ሴቲንግ የምንለው፣ ስልኩ በአማርኛ ሲሆን «ቅንብሮች» ይባላል። እሱን ከፍታችሁ መጨረሻው ላይ «ስለ ስልክ» የሚለውን ተጫኑና የአንድሮይድ ቁጥራችሁን እዩ። 12 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከዚህ በታች የማነሣውን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ታገኛላችሁ። ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን አንዳንዱ ይቀርባችኋል። ከአንድሮይድ 6 በፊት፣ ማለትም ከ2015 እ.ኤ.አ. በፊት፣ መተግበሪያ ሲጫን ፈቃዱን ሁሉ በጅምላ ነበር የሚወስደው። አንድ በአንድ መጠየቅ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። እንደዚያ ያረጀ ስልክ አሁንም የያዘ ሰው ካለ የባንክ ነገር ባይጭንበት እመክራለሁ።

የምጠራቸው ስሞች ከስልክ ስልክ ትንሽ ይለያያሉ። ያጣችሁትን ነገር ለማግኘት ከቅንብሮች አናት ላይ ባለው መፈለጊያ «ፈቃድ» ብላችሁ ጻፉ፤ ስልኩ በእንግሊዝኛ ከሆነ ፍለጋውንም በእንግሊዝኛ አድርጉት።

አንደኛ፦ የማትጠቀሙበትን ማስወጣት

«መተግበሪያዎች» የሚለውን ክፈቱና ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ውረዱበት። ለእያንዳንዱ የምትጠይቁት ይህ ነው፦ ባለፉት ሦስት ወራት ከፍቼው አውቃለሁ? ብዙ ደንበኞች እዚህ ላይ ይስቃሉ። የሠርግ ካርድ መሥሪያ፣ ፊትን የሚያስረጅ ጨዋታ፣ ሦስት ዓይነት የባትሪ መብራት ይገኛል፤ ስልኩ ከፋብሪካ የወጣው መብራት ይዞ እኮ ነው።

የባትሪ መብራቱን በዋዛ አላነሣሁትም። በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን «ብራይተስት ፍላሽላይት» የተባለ መተግበሪያ ሠሪዎችን ከስሶ ስምምነት አስፈርሟቸዋል። በሚሊዮኖች ስልክ ላይ የተጫነው መተግበሪያ የተጠቃሚዎቹን ቦታና የስልካቸውን መለያ፣ በግልጽ ሳይነግራቸው፣ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ያስተላልፍ ነበር። መብራት ለማብራት ቦታ ማወቅ ምን ይሠራል? ለየትኛውም ሥራ አያስፈልግም።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ተመዝግባችሁ ስምና ስልክ የሰጣችሁበት ከሆነ ከማጥፋታችሁ በፊት ክፈቱትና መለያችሁን ሰርዙ። መተግበሪያውን ከስልክ ማስወገድ እነሱ ዘንድ የተቀመጠውን አይነካም። ጉግል ፕሌይ፣ ሰው የሚመዘገብባቸው መተግበሪያዎች መለያ መሰረዣ መንገድ እንዲያቀርቡ ግዴታ ጥሎባቸዋል፤ ብዙ ጊዜ «መገለጫ» ወይም «መለያ» ከሚለው ሥር ታገኙታላችሁ። ከሌለ መተግበሪያው በጉግል ፕሌይ ላይ ያለውን ገጽ ከፍታችሁ በ«የውሂብ ደህንነት» ክፍል ውስጥ ፈልጉት።

እግረ መንገዳችሁን ያንኑ ክፍል አንብቡት። ምን እንደሚሰበስብና ለማን እንደሚያካፍል ተዘርዝሯል። ዝርዝሩን የሚሞላው ግን ራሱ የመተግበሪያው ባለቤት ስለሆነ ሻጩ ስለ ቅቤው የሚናገረውን ያህል ብቻ እመኑት።

ሁለተኛ፦ ከየት መጣ?

በእኛ ከተማ መተግበሪያ እንደ ሙዚቃ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። አንዱ በዜንደር ይልካል፣ ሌላው በቴሌግራም ቻናል ያወርዳል፤ ዳታ ለመቆጠብ ሲባል ይህ መሆኑ ይገባኛል። ችግሩ እንዲህ የመጣው ፋይል በመንገድ ላይ ተከፍቶ ሌላ ነገር የተሰፋበት ሊሆን መቻሉ ነው። የአሳ ነጋዴዋም መተግበሪያ የመጣው በዚህ በር ነው። ጉግል ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመደብሩ ያሉ የግል ብድር መተግበሪያዎች የሰውን የስልክ ዝርዝርና ፎቶ እንዳይነኩ ከልክሏል፤ በቴሌግራም የመጣውን ግን ይህ ክልከላ አያገኘውም።

በቅንብሮች መፈለጊያ «ያልታወቁ መተግበሪያዎችን ጫን» የሚለውን ፈልጉና ለቴሌግራም፣ ለዜንደር፣ ለክሮም የተሰጠውን ፈቃድ ሁሉ ዝጉ። ቀጥላችሁ ፕሌይ ስቶርን ከፍታችሁ ከላይ የመገለጫ ምስላችሁን ስትነኩ «ፕሌይ ጥበቃ» የሚል ታያላችሁ፤ ቃኝ በሉት። የባንክና የቴሌብር መተግበሪያ ከዋናው መደብር ውጭ በፍጹም አይጫንም። እዚህ ላይ እኔ ድርድር አላውቅም።

ሦስተኛ፦ የፈቃድ አስተዳዳሪው

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ። ቅንብሮች፣ ከዚያ «ግላዊነት»፣ ከዚያ «የፈቃድ አስተዳዳሪ»። እዚህ መተግበሪያዎቹ የተደረደሩት በስማቸው ሳይሆን በወሰዱት ነገር ነው፦ እውቂያዎችን ያየ፣ መልእክት ያነበበ፣ ማይክሮፎን የያዘ። ጓዳው ውስጥ ማን እንዳለ በአንድ ጊዜ ይታያችኋል።

ከእውቂያዎች ጀምሩ። ብዙ ሰው «የእኔ ስልክ ላይ ምን ምስጢር አለ?» ይላል። የእኛ ሰው ስም እንዴት እንደሚመዘግብ አስቡት። «ባጃጅ ድባንቄ»፣ «አከራይ ዓባይ ማዶ»፣ «እቁብ ሐሙስ»፣ «ዶክተር ስኳር»፣ «ጠበቃ የመሬት ጉዳይ»። ይህን ዝርዝር ያየ ሰው የት እንደምትኖሩ፣ በምን እንደታመማችሁ፣ ከማን ጋር እንደተካሰሳችሁ ሳይጠይቅ ያውቃል። በዚያ ላይ ዝርዝሩ የእናንተ ብቻ አይደለም። የንስሐ አባትየው ምንም መተግበሪያ አልጫኑም፤ ቁጥራቸው የሄደው በሌላ ሰው ፈቃድ ነው። ስለዚህ ሰው ለመደወልና መልእክት ለመላላክ ከምትጠቀሙባቸው በስተቀር ሁሉንም «አትፍቀድ» በሉት። የባንክ መተግበሪያ የአየር ሰዓት ለሰው ለመሙላት ወይም ብር ለመላክ እውቂያ ቢጠይቅ ከልክላችሁ ቁጥሩን በእጃችሁ ጻፉት፤ አሥር አኃዝ ነው።

ቴሌግራም ለብቻው ይታይ። በራሱ ቅንብር ውስጥ፣ ግላዊነትና ደህንነት ከሚለው ሥር፣ እውቂያዎችን ከቴሌግራም ጋር የሚያመሳስል ማብሪያ አለ፤ አጥፉትና ቀድሞ የተላከውን የሚሰርዘውን ቁልፍም ተጫኑ። እዚያው አካባቢ ስልክ ቁጥራችሁን ማን ማየት እንደሚችል ይወሰናል። «ማንም አያይም» ካላችሁ በትልልቅ ቡድኖች ውስጥ የማያውቃችሁ ሰው ቁጥራችሁን አያገኝም።

አሁን ወደ ኤስኤምኤስ። ይህ ፈቃድ በሌላ አገር ተራ ሊመስል ይችላል፤ እኛ ዘንድ ግን ከሁሉ የከፋው ነው። ባንኮቻችን ገንዘብ በገባና በወጣ ቁጥር ቀሪ ሒሳባችንን ጭምር በመልእክት ይነግሩናል። ከ127 የሚመጣው የቴሌብር መልእክት ለማን ስንት እንደላካችሁ ይዘረዝራል። የማረጋገጫ ቁጥሮችም የሚመጡት በዚያው ነው። መልእክት ማንበብ የሚችል መተግበሪያ እንግዲህ ደመወዛችሁን፣ ዕዳችሁን፣ ለእናታችሁ በየወሩ የምትልኩትን ያውቃል ማለት ነው፤ ከባሰም የማረጋገጫ ቁጥሩን ከእናንተ ቀድሞ ያያል። እዚህ ዝርዝር ውስጥ የስልኩ መልእክት መጻፊያና የምታምኑት የባንክ መተግበሪያ ብቻ ይቅሩ። የፎቶ ማሳመሪያ እዚህ ተገኝቶ ካያችሁ ፈቃዱን መከልከል አይበቃም፤ መተግበሪያውን አጥፉት።

ፎቶዎችን በተመለከተ አንድሮይድ 14 እና ከዚያ በላይ ያላችሁ «የተመረጡ ፎቶዎች ብቻ» የሚል አማራጭ አላችሁ። አንድ ፎቶ ለመለጠፍ አልበሙን ሁሉ መክፈት ድሮ ቀርቷል።

አራተኛ፦ ያላችሁበት ቦታ

በ«አካባቢ» ሥር ለእያንዳንዱ መተግበሪያ አማራጮች አሉ፦ ሁልጊዜ፣ በጥቅም ላይ ሳለ ብቻ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ጠይቅ፣ አትፍቀድ። «ሁልጊዜ» የሚለው ውስጥ ማን እንዳለ ቀድማችሁ እዩ፤ ተኝታችሁም የሚከተላችሁ እሱ ነው። የጠፋ ስልክ መፈለጊያውን ብቻ ትቼ ሌላውን ሁሉ አወጣለሁ። ካርታና የታክሲ መጥሪያ «በጥቅም ላይ ሳለ» ይበቃቸዋል።

ከአንድሮይድ 12 ወዲህ ደግሞ «ትክክለኛ አካባቢን ተጠቀም» የሚል ማብሪያ አለ። ስታጠፉት መተግበሪያው የሚያየው ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ቦታ በግምት ነው። የአየር ጠባይ የሚነግር መተግበሪያ ባሕር ዳር መሆናችሁን ቢያውቅ ይበቃዋል፤ ሽምብጥ ውስጥ የትኛው በር እንደሆነ ማወቅ አያሻውም።

ማለዳ ሐይቁን ይዛችሁ የምትሮጡ፣ የሩጫ መተግበሪያችሁን መርምሩ። ስትራቫ የተባለው መተግበሪያ ተጠቃሚዎቹ የሮጡባቸውን መንገዶች በዓለም ካርታ ላይ አድርጎ በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አወጣ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ሰዎች ካርታውን ሲመረምሩ፣ በረሃ ውስጥ ያሉ የጦር ሰፈሮች ቅርጽ ወታደሮቹ በሮጡበት መስመር ደምቆ ታይቷል። ስም አልተጻፈም ነበር፤ መስመሩ ራሱ ተናገረ። የእናንተም ሩጫ በየቀኑ ከአንድ በር ተነሥቶ እዚያው በር የሚያበቃ ከሆነ አድራሻችሁን ይናገራል። ሩጫችሁን ማን ማየት እንደሚችል የሚወስነውን ቅንብር ለራሳችሁ ብቻ አድርጉት።

የካሜራችሁንም ቅንብር ክፈቱና ቦታ የሚመዘግበውን አጥፉ። አለበለዚያ ቤት ውስጥ ያነሣችሁት ፎቶ የቤቱን መገኛ በውስጡ ይይዛል።

አምስተኛ፦ «ስልኬ ይሰማኛል»

ይህን በሳምንት ሁለት ጊዜ እሰማለሁ። «ከጓደኛዬ ጋር ስለ ጫማ አወራን፣ ማታ የጫማ ማስታወቂያ መጣ።» በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ17,000 የሚበልጡ የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን መርምረው ነበር። ድምፅ ቀድቶ በስውር የሚልክ አላገኙም። ያገኙት ሌላ ነገር ነው፤ ተጠቃሚው የሚነካካውን ስክሪን በቪዲዮ ቀድተው ለሌላ ድርጅት የሚልኩ ነበሩ።

ታዲያ ጫማው ከየት መጣ? ጓደኛችሁ ከሰዓት በኋላ ጫማ ፈልጎ ይሆናል፤ ሁለታችሁም በአንድ ካፌ ዋይፋይ ላይ ነበራችሁ፤ እውቂያችሁ ውስጥ አለ። ለማገናኘት ጆሮ አያስፈልግም። በየስልኩ ላይ ለማስታወቂያ ተብሎ የተቀመጠ መለያ ቁጥር አለ፤ የተለያዩ መተግበሪያዎች የሚሰበስቡትን ፍርፋሪ በአንድ ሰው ስም የሚያጠራቅመው እሱ ነው። «ግላዊነት»፣ ከዚያ «ማስታወቂያዎች»፣ ከዚያ «የማስታወቂያ መታወቂያን ሰርዝ»። ማስታወቂያ አይቀርላችሁም፤ እናንተን ለይቶ መከተሉ ግን ይከብደዋል።

ለማይክሮፎንም ቢሆን መጠንቀቅ አይከፋም። አንድሮይድ 12 ላይ ማይክሮፎን ወይም ካሜራ ሲከፈት ከስክሪኑ ጥግ አረንጓዴ ምልክት ይበራል። ሳትደውሉ ከበራ ወደ ታች ስባችሁ ማን እንደከፈተው እዩ። «የግላዊነት ዳሽቦርድ» የሚለው ደግሞ ባለፉት 24 ሰዓታት ማን ምን እንደነካ በሰዓቱ ያሳያል።

ስድስተኛ፦ ተደራሽነት

አጭር ነው፤ ግን አትዝለሉት። በቅንብሮች ውስጥ ያለው «ተደራሽነት» የተሠራው ዓይናቸው ለማያይላቸውና እጃቸው ለማይታዘዝላቸው ሰዎች ነው። ይህን ፈቃድ የያዘ መተግበሪያ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ያነባል፣ በእናንተ ምትክ ቁልፍ ይጫናል። ሌባ ይህን ካገኘ ሌላ ፈቃድ አይቸግረውም። ገጹን ከፍታችሁ ከተጫኑት አገልግሎቶች ውስጥ እናንተ አውቃችሁ ያላበራችሁት ካለ አጥፉት፤ ከዚያም መተግበሪያውን አስወግዱና የባንክ ምስጢር ቁጥራችሁን ቀይሩ።

አይፎን ላላችሁ

«ግላዊነትና ደህንነት» ሥር ያው ዝርዝር አለ። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ማለትም ከስሪት 14.5 ጀምሮ፣ መተግበሪያ በሌሎች ድርጅቶች መተግበሪያና ድረ ገጽ ላይ ሊከታተላችሁ ሲፈልግ እንዲጠይቃችሁ ይገደዳል፤ መጠየቁን ራሱ ከዚያው «መከታተል» ከሚለው ውስጥ መዝጋት ይቻላል። ሌላው ሥራ ከላይ እንደተባለው ነው።

ሰባተኛ፦ ቀድሞ የሄደውን በደብዳቤ መጠየቅ

እስካሁን የሠራነው በር መዝጋት ነው። ቀድሞ የወጣውስ? የአሳ ነጋዴዋን ፈቃዶች ብንዘጋም ዝርዝሩ ከሄደ ሰንብቷል። እዚህ ሕግ ይመጣል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ የስልክ ግንኙነትንም ጭምር ይጠብቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ለዚህ ጉዳይ የወጣ ነው፦ ስለ እናንተ የተያዘውን የማወቅ፣ የተሳሳተውን የማሳረም፣ የማሰረዝ፣ የመቃወም መብት ይሰጣል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ለመተግበሪያው ባለቤት በኢሜይል የሚላከው ደብዳቤ ረጅም መሆን የለበትም። ለእትዬ የጻፍኩላቸው ይህን ይመስል ነበር፦

«በመተግበሪያችሁ በዚህ ስልክ ቁጥር የተመዘገብኩ ደንበኛ ነኝ። በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ስለ እኔ የያዛችሁትን መረጃ ዝርዝር፣ ለማን እንዳስተላለፋችሁትና እስከ መቼ እንደምታቆዩት በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ። ከስልኬ የወሰዳችሁትን የእውቂያ ዝርዝር ለብድሩ ሥራ የማያስፈልግ ስለሆነ እንድትሰርዙና መሰረዛችሁን እንድታረጋግጡልኝ እጠይቃለሁ። ለዘመዶቼና ለጎረቤቶቼ የምትልኩትን መልእክት ከዛሬ ጀምሮ እንድታቆሙ አሳስባለሁ።»

ቀኑን ጻፉበት፤ ቅጂውን አስቀምጡ። የተላኩትን የስድብ መልእክቶች ስክሪናቸውን ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ፤ ለባለሥልጣኑም ሆነ ለፖሊስ ስታመለክቱ የምታሳዩት እሱን ነው። እትዬ ዕዳቸውን ከፍለው ጨረሱ፤ መልእክቱም ቆመ። ለደብዳቤው ግን እስካሁን መልስ አልመጣም። ስለዚህ አንድ በአንድ እየደወሉ ለሰዎቻቸው ራሳቸው ነገሩ። መጀመሪያ የደወሉት ለአባ ነው።

መረጃ የምትሰበስቡት እናንተ ከሆናችሁ

ከደንበኞቼ መካከል ጎብኚዎችን ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል በጀልባ የሚያመላልሱ አሉ፤ እንግዳ ማረፊያ ያላቸውም አሉ። የፓስፖርት ፎቶ በቴሌግራም ይቀበላሉ። አንድ ቀን አንዱ ስልኩን ሊሸጥ አመጣልኝ፤ አልበሙ ውስጥ የስንት ዓመት እንግዳ ፓስፖርት እንዳለ ቆጥረን አልጨረስነውም። እንግዳ «ፎቶውን ምን ታደርጉታላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ተቀይማችሁ አትመልሱለት። ለምን እንደተፈለገ ንገሩት፤ ቁጥሩን መዝገብ ላይ መጻፍ የሚበቃ ከሆነ ፎቶውን አትቀበሉ፤ ከተቀበላችሁም ጉዞው ሲያልቅ ከአልበሙም ከቴሌግራሙም አጥፉት። አዋጁ እናንተንም ይመለከታል። መታወቂያችሁን በፎቶ ለመላክ የተገደዳችሁ ሰዎች ደግሞ በቅጂው ላይ በጉልህ ለማን፣ ለምን ጉዳይና በምን ቀን እንደሰጣችሁ ጽፋችሁበት ላኩ።

ስልኩን ለእኔ ስትሰጡ

ብዙ ሰው መተግበሪያን ሲፈራ ስልኩን ከነመክፈቻ ቁጥሩ ለማያውቀው ጠጋኝ ጥሎ ይሄዳል። ስክሪን ለመቀየር የመክፈቻ ቁጥር አያስፈልገኝም፤ መንካቱንና መብራቱን ስትመጡ አብረን እናየዋለን። ሳምሰንግ ከሆነ በብዙዎቹ አዳዲስ ስልኮች «የባትሪና የመሣሪያ እንክብካቤ» ውስጥ የጥገና ሁነታ አለ፤ ስታበሩት ስልኩ እንደ አዲስ ይነሣል፣ ፎቶአችሁም መልእክታችሁም ለጠጋኙ አይታይም፤ ሲመለስላችሁ በራሳችሁ ቁጥር ትከፍቱታላችሁ። በሌላው ስልክ ሲም ካርዱንና ሚሞሪውን አውጥታችሁ ስጡ። የመክፈቻ ቁጥር ካልሰጣችሁኝ አልሠራም የሚል ጠጋኝ ካጋጠማችሁ ለየትኛው ሥራ እንደፈለገው ጠይቁት፤ መልሱ ካልጣማችሁ ስልኩን አንሥታችሁ ቀጣዩ ሱቅ ግቡ። እኔንም ቢሆን።